ከዐሥር ሰባት

የቡድን ሥራ የሚባለውን ነገር ለዓመታት አስተምሬዋለሁ፤ ለዓመታትም ጠልቼዋለሁ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም የሚል ካለ እኔን አላየም። በምሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ፣ ተማሪዎች እርስ በርስ እየተጋገዙ ስለሚማሩበት ዘዴ የሚያወራውን ምዕራፍ የማስተምረው እኔ ነኝ። የማስተምረውም ሰሌዳው ፊት ብቻዬን ቆሜ፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ብቻዬን እያወራሁ ነበር። አንዱ ሠልጣኝ ከጎኑ ያለውን ሊጠይቅ ዞር ካለ «ወሬውን ተው፣ ስለ መተባበር እየተማርን ነው!» ብዬ አፈጥጥበታለሁ። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ከልቤ ነበር የምቆጣው።

የጠላሁበት ምክንያት ነበረኝ። አምስት አምስት አድርጌ እከፋፍላቸውና ሥራ እሰጣለሁ። ከአምስቱ አንዱ ጎበዝ ይሠራዋል፤ የቀሩት አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ በእኛ ኮሌጅ ሸክሙ የአንዱ ሆኖ ጌጡ ብቻ ለሁሉም ይከፋፈል ነበር። ይህን ለማስቀረት የመገምገሚያ ቅጽ አዘጋጀሁ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ የቡድን ጓደኞቹን በምስጢር ከዐሥር ይመዝናል፣ ያየውን ጉድለትም ከሥር ይጽፋል። ትልቅ ብልሃት ያመጣሁ መስሎኝ ነበር። ቅጾቹ ሲመለሱ ግን ዐሥር፣ ዐሥር፣ ዐሥር። ለሠራውም ዐሥር፣ ላልሠራውም ዐሥር። አንድ ጊዜማ ወልዳ ወሩን ሙሉ ያልመጣች ልጅ ከአራት ጓደኞቿ አራት ዐሥር አገኘች። «ይሄ እንዴት ይሆናል?» ብዬ ጠራኋቸው።

«አራስ ናት እኮ ቲቸር!» አሉኝ፣ በእኔ ጭካኔ እያዘኑ።

እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝና ነገሩ አልጠፋኝም። የእኛ ሰው ፊት ለፊት ይናገራል፣ ይቆጣል፣ ይኳረፋል፣ ከዚያ ይታረቃል። ጓደኛውን በወረቀት ማሳጣት ግን ነውር ነው። ወረቀት አይታረቅም። ስለዚህ ቅጹን እየሰበሰብሁ፣ ዐሥሩን እየደመርሁ፣ እየተናደድሁ ስኖር ዓምና የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኞችን ለማስተማር ልምምድ ይዤ ላሊበላ ሄድሁ።

ከሠልጣኞቼ አምስቱ የተመደቡት ከከተማው ወጥቶ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። የቡድኑ መሪ ከኮን የመጣች፣ ከዓመቱ ሠልጣኞች አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ፈጣን ናት፣ ደረቅ ናት፣ ሥራ ከሰው እጅ ትነጥቃለች። ልጃገረድ ሳለሁ እኔም እንደዚያው ስለነበርሁ እወዳታለሁ። ከሌሎቹ ሦስቱ አንደኛው ከመንገድ ዳር ከተማ የመጣ ሙስሊም ልጅ ነው፤ ቀልድ ያውቃል። የቀሩት ሁለቱ ደህና ልጆች ናቸው፤ እሷ እያለች ብዙ መድከም አላስፈለጋቸውም። አምስተኛው የኔታ ነበሩ።

«የኔታ» ስማቸው አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚያስተምር መምህር የሚጠራበት ነው፤ ጓደኞቻቸው በቀልድ አወጡላቸው፣ በዚያው ጸና። ሠላሳዎቹን አጋምሰዋል። ልጅነታቸውንና ጉርምስናቸውን ከደብር ደብር እየዞሩ ዜማና ቅኔ ሲማሩ አሳልፈው፣ አግብተው ወልደው፣ አስኳላውን በማታ ትምህርት ጨርሰው ነው ወደ እኛ የመጡት። ከጃኬታቸው ላይ ነጠላ አይለያቸውም። ሃያ ዓመት ገና የሞላቸው ልጆች አንቱ ይሏቸዋል። እኔ በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፣ አስተማሪያቸውም ነኝ፤ ግን ሳላስበው አንቱ ብዬ ጀመርሁ፣ ከዚያ በኋላ መመለስ አልተቻለም።

ለምን መምህር መሆን እንደፈለጉ ገና ሲመዘገቡ ጠይቄያቸዋለሁ። መንደራቸው ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ነው። ትምህርት ቤት አለው፤ መምህር ግን አይበረክትለትም። የሚመደበው ሁሉ መስከረም ይመጣል፣ ገናን ከቤተሰቤ ጋር ልዋል ብሎ ይሄዳል፣ በዚያው ይቀራል። አራተኛ ክፍል ደርሰው ስማቸውን የማያነቡ ልጆች አሉ።

«የራሴን ልጆች ፊደል እኔው አስቆጠርኋቸው» አሉኝ። «የጎረቤቴንስ ልጅ ማን ያስቆጥረው? እኔ መቸም ከዚያ ወዴት እሄዳለሁ? ቤቴም እርሻየም እዚያው ነው።»

ካቻምና ግን የማስተማር ልምምዱን ወደቁ። የፈተናቸው የሥራ ባልደረባዬ በቅጹ ላይ የጻፈው አጭር ነበር፦ «ክፍል ፊት መቆም አይችልም።» ሁለተኛ የወደቀ ሠልጣኝ ይሰናበታል፤ ደንቡ ነው። ለአራቱ ልጆች ያ ሰሞን ልምምድ ነበር፤ ለየኔታ ግን የመጨረሻ ዕድል ነበር፣ ለዚያች መንደርም ጭምር።

በሁለተኛው ሳምንት የቡድኑን ቅጽ ሰበሰብሁ። ለየኔታ አራት ዐሥር። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። በማግሥቱ ማለዳ ሳልነግራቸው ሦስተኛ ክፍል በር ላይ ደረስሁና ገፍቼ ገባሁ።

ልጆቹ ተነሡ። የኔታ ጠመኔ ይዘው ሰሌዳው ፊት ነበሩ። አዩኝ። ከዚያ ወደ እኔ መጡና ጠመኔውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ሰጡኝ። ሲሰጡኝ ተቀበልሁ፤ ሰው በሁለት እጁ የሚሰጥህን ነገር አለመቀበል ከባድ ነው። እሳቸው ወደ ግድግዳው ጥግ ሄደው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። የክፍሉ ልጅ ሁሉ አሁን እኔ ምን እንደማስተምር ይጠብቃል።

«ምንድን ነው ይሄ? ያስተምሩ እንጂ!»

«እርስዎ እያሉ?» አሉኝ።

ሰበብ መሰለኝ። ጠመኔውን መልሼ አስያዝኋቸውና ከኋላ፣ አራቱ ጓደኞቻቸው ከተቀመጡበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ጀመሩ። ድምፃቸው ከሰሌዳው አልፎ የሚሰማ አልነበረም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሉና እኔን ያያሉ፣ ፈቃድ የሚጠይቁ ይመስላሉ። ጥቂት ቆይቶ ያም ቀረና ዝም አሉ። ይህን ጊዜ የኮኗ ልጅ ከአጠገቤ ተነሣች፣ ጠመኔውን ከእጃቸው ወሰደች፣ ትምህርቱን ካቆሙበት ይዛ ግሩም አድርጋ ጨረሰችው። እጇ የለመደ ነበር፤ የመጀመሪያ ቀኗ እንዳልሆነ ያስታውቃል። አራቱ ዐሥር ከየት እንደመጡ ገባኝ።

ቁጣዬን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከክፍል ስንወጣ ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር አቆምኋቸውና፣ አንቱታውን ሳልተው፣ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርሁ። ፈታኙ የዛሬ ሳምንት እንደሚመጣ፣ እንዲህ ከሆነ ከአሁኑ ወደ ቤታቸው ቢሄዱ እንደሚሻል፣ ጫማቸውን በከንቱ እንዳይጨርሱ። ጫማቸው ያለቀ የፕላስቲክ ጫማ ነበር፤ ያየሁት ከተናገርሁ በኋላ ነው። ያን ንግግሬን ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ወደ ከተማ ለመውረድ መንገዱን ይዤ ትንሽ እንደሄድሁ መነጽሬን መምህራን ማረፊያ ክፍል እንደረሳሁት ትዝ አለኝ። እየተነጫነጭሁ ተመለስሁ። በሦስተኛ ክፍል ጀርባ ሳልፍ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ሙሉ፣ የጠራ፣ ግድግዳ የሚያልፍ ድምፅ ነው፤ ዜማ የተማረ ሰው ድምፅ።

«ማነው ያስነበባት?»

«እኔ ነኝ የኔታ።»

«እንግዲያው ስሕተቱ የሷ አይደለም፣ ያንተ ነው። ሂድ መልሰህ አስነብባትና አብራችሁ ኑ።»

መስታወቱ የረገፈ መስኮት ነበር፤ ጠጋ ብዬ አየሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ትምህርት ተቋርጦ በቆየባቸው ጊዜያት የተነሣ፣ ጢሙ ሊያቆጠቁጥ የደረሰም የወተት ጥርሱን ገና የሚነቅልም አብረው ይማራሉ። ለማንኛውም መምህር ፈተና ነው። የኔታ ግን ትልቁን ከትንሹ፣ የሚያነበውን ከማያነበው ጋር ጥንድ ጥንድ አድርገው አስቀምጠዋቸዋል። ጥንዱ ሁሉ በዝግታ ያጉተመትማል። እሳቸው መሐል መሐሉን እየሄዱ ትንሹን ይጠይቃሉ፣ ሲሳሳት ትልቁን ይገሥጻሉ፣ ሲያውቅ ሁለቱንም ያመሰግናሉ። ሥራ የፈታ ልጅ ብፈልግ አጣሁ። ስንት ዓመት በሞጁል ስጽፈው የኖርሁት ነገር በዓይኔ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ቆሜ ቀረሁ።

«እትየ መስኮቱ ላይ ናት!» አለ አንዱ ልጅ።

የኔታ ዞሩ። ድምፃቸው እዚያው ላይ ቆመ። በበሩ ወጡ፣ ዞረው እኔ ወደቆምሁበት መጡና ጠመኔውን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ሣቄ መጣ። እሳቸው ግን አልሣቁም።

በዕረፍት ሰዓት ከግቢው የድንጋይ አጥር ላይ አብረን ተቀመጥንና ጠየቅኋቸው፤ ያን ጊዜ ቁጣዬ በርዶ ነበር።

«ኧረ እንዴት ይሆናል መምህርት?» አሉኝ። «የኔታ በተቀመጡበት ጉባኤ፣ ተማሪ ድምጡን ከፍ አርጎ ሲያስተምር አይቸም ሰምቸም አላውቅ። ድፍረት ነው። ዓምናም ፈታኙ ሲገቡ ጠመኔውን ሰጠኋቸው። ተቆጡ። እኔም ዝም አልሁ።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ልጆቹን እንዴት እንደዚያ ማስተማር እንደቻሉ ስጠይቃቸው ደግሞ ጥያቄው አስገረማቸው።

«እሱማ ምን አዲስ ነገር አለው? የኔታ አንድ፣ ተማሪው መቶ። ሁሉን ብቻቸውን እንዴት ይችሉታል? ቀድሞ የገባው ኋላ የመጣውን ያስቀጽለዋል። ከጎኑ ተቀምጦ፣ እስኪይዘው ያስደግመዋል። ልጁ የኔታ ፊት ቀርቦ ከተሳሳተ ግሣጼው ላስቀጸለው ነው። እኔም እንደዚያ ነው የተማርሁ።»

እኔ በባዕድ ስም እየጠራሁ ለዓመታት ያስተማርኋቸውን ነገር እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ኖረውታል። በኔ ፈተና ግን ከመቶ ሃምሳ ሁለት ነበር ያመጡት። የዚያን ፈተና ጥያቄዎች ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከማን ጋር ልጣላ?

ከሰዓት በኋላ ቡድኑን ሰብስቤ አራቱን ቅጾች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። የኔታም ነበሩ። በምስጢር የተሞላ ቅጽ በአደባባይ መዘርጋቴ ስሕተት ነው የሚለኝ ካለ ልክ ነው።

«ይህን ማን ነው የሰጠው?»

የኮኗ ልጅ አንገቷን ደፋች። «ታዲያ የኔታን ስድስት ልስጣቸው ቲቸር? ነውር አይደለም?»

«ውሸቱስ?»

«እያገዝኋቸው እኮ ነው!» ዓይኗ እንባ ሞላ። «በሠራነው ሁሉ ስማቸውን አስገብቻለሁ። ክፍል ውስጥ ሲጨነቁ ደርሸላቸዋለሁ።»

«ጠመኔውን ከእጃቸው ነጥቀሽ ነው የደረስሽላቸው? ፈታኙ ሲመጣም ትነጥቂያቸዋለሽ?»

የኔታ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ አንዴ ከወሰንሁ ወሰንሁ ነው፤ እዚያው ሕጌን ተናገርሁ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቡድን ውስጥ ያስቀጸለ ይጠየቃል። የኔታ በፈተናው ቀን ዝም ካሉ ከእኔ በኩል ያለው የልምምድ ውጤት የሚቀነሰው ከአራታችሁ ነው።

«ይሄ ፍትሕ አይደለም!» አለች። አንደኛነቷ ታይቷት ነው።

«ካስቀጸላችኋቸው ፍትሕ ነው» አልኋት።

እንዴት እንደሚያደርጉት አልነገርኋቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር፤ ግን እንደማያቅታቸው እርግጠኛ ነበርሁ።

በማግሥቱ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ አምስቱ ባዶው ክፍል ውስጥ ቀሩ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ሙስሊሙ ልጅ የሰው ኮት ተውሶ ለብሶ፣ ፊቱን አጨፍግጎ፣ እንደ ፈታኝ እየተንጎማለለ ገባ። የየኔታ እጅ ከነጠመኔው ወደ እሱ ተዘረጋ። ክፍሉ በሣቅ ፈነዳ፤ የኔታም ራሳቸው ሣቁ። ሲሥቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ገባ። እጅ እንደገና ተዘረጋ። ይህን ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት አላውቅም።

ከዚያ የኮኗ ልጅ ተነሣች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ የኔታን ሳታይ፣ «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና…» አለችና ቆመች። «ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ለልጆቹ ጀርባዎን ሰጥተው ይቆያሉ።»

«በይ እስቲ ቁመሽ አሳይኝ» አሉ የኔታ። «እንዴት ልቁም?»

አሳየቻቸው። እሳቸውም በተራቸው እሷን አረሙ። ይህች ልጅ ልጆቹን ትጠይቅና መልሱን ራሷ ትመልሳለች፤ መጠበቅ አይሆንላትም። እኔ ሦስት ዓመት ስጮህባት አልተወችውም ነበር።

«ጠይቀሽ ስታበቂ በልብሽ አንዴ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ» አሏት። «ሳትጨርሽ አፍሽን እንዳትከፍች።»

«እኔ ደግሞ ፋቲሃ እቀራለሁ» አለ ባለ ኮቱ፣ ዳግመኛ ተሣሣቁ። በዚያ መሐል በሩ ላይ መቆሜን አዩና የኮኗ ልጅ መጥታ፣ በትሕትና፣ ዘጋችብኝ። እስከ ፈተናው ቀን ድረስ በየቀኑ በሩ እንደተዘጋ ነበር። ማን ምን እንዳመጣ፣ ማን ማንን እንዳረመ አልነገሩኝም። አንድ ሐሳብ ብቻ ሲመላለስብኝ ነበር፦ ተውሶ ኮት የለበሰ ልጅ ፊት መናገርና ካቻምና የጣላቸው ሰው ፊት መናገር አንድ አይደለም።

ባልደረባዬ በቀጠረው ቀን መጣ። ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ የቀረውን ዳገት በእግሩ ወጥቶ፣ እያለከለከ፣ ማኅደሩን በብብቱ ይዞ። ክፉ ሰው አይደለም። ቅጹ ያዘዘውን የሚሞላ፣ ያላዘዘውን የማያይ ሰው ነው። አብረን ሦስተኛ ክፍል ገባን። አራቱ ሠልጣኞች ከኋላ ተደርድረዋል፤ የልጆቹ አግዳሚዎች ዞረው ልጆቹ አራት አራት ሆነው ፊት ለፊት ተያይተው ተቀምጠዋል።

የኔታ ጠመኔ ይዘው ነበር። ባልደረባዬን ሲያዩ እጃቸው ተንቀሳቀሰ፣ ወደ ፊት መጣ። ከኋላ የኮኗ ልጅ ሳለች። የኔታ ጠመኔውን አዩት፤ ከዚያ ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«እንኳን ደህና መጡ» አሉ፣ ጎንበስ ብለው። «ልጆች፣ እነዚህ ሁለት እንግዶች ዛሬ ከእናንተ ጋር ይማራሉ። እዚህ ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል፤ እዚያም አንድ ጎድሏል።»

«እኔ ለመፈተን ነው የመጣሁት» አለ ባልደረባዬ።

«ይፈትኑ ጌታየ። ግን ከልጆቹ ጋር ሆነው።»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከኋላ ሆነን ስናያቸው መምህሮቻቸው ነን፤ ልጆቹ መሐል ከተቀመጥን ተማሪዎቻቸው ነን። መምህር ፊት የማይናገሩ ሰው ተማሪ ፊት ይናገራሉ። ይህ የማን ሐሳብ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ ስጠይቃቸው እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። ባልደረባዬ ግራ ቀኝ አየና፣ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ዓይኑን ስለጣለበት፣ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ዝቅተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከጀርባው ባለው ቡድን ገባሁ።

ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት ታደለን። ገብስ ወደ ወፍጮ ስለወሰደች ሴትና ወንዝ መሐል ስለተኛባት አህያ የሚያወራ አጭር ተረት ነው፤ አራት ቦታ ተቆርጧል። እያንዳንዱ የራሱን ለጓደኞቹ ያነባል፣ ከዚያ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል አብረው ይወስናሉ። የአንዱ ከጎደለ ተረቱ አይሞላም።

ባልደረባዬ የራሱን ቁራጭ አነበበና የጎረቤቱን ወረቀት ጎተት አድርጎ እሱንም ማንበብ ጀመረ። የፊት ጥርሶቿ የረገፉ ትንሽ ልጅ ወረቀቷን መልሳ ነጠቀችው።

«ጋሼ፣ የርስዎን አነበቡ አይደል? የኔን እኔ ነኝ የማነበው!»

ወረቀቱን ለቀቀ። ልጅቱ ጣቷን ቃሉ ሥር አድርጋ፣ እየቆጠረች፣ ላቧ እስኪመጣ አነበበች። «አህያዋ» የሚለው ላይ ስትደርስ ተያዘች። ባልደረባዬ አፉን ከፈተ፤ ከጎኗ ያለው ትልቁ ልጅ በክርኑ ነካ አደረገውና አፉን ዘጋ። ጠበቃት። አነበበችው።

የኔታ መሐል መሐሉን ይሄዳሉ። መጀመሪያ በዝግታ ነበር የሚናገሩት፤ እየቆዩ ድምፃቸው ሞላ። ተረቱ የጎደለበትን ቡድን «ያልተሰማ ማን አለ? እስቲ እሱን ስሙት» ይሉታል። ሰሌዳ ላይ አንዴ ሲጽፉ በጎን ቆመው ነበር የጻፉት። እኔ ባለሁበት ቡድን ደርሰው «እርስዎ አነበቡ?» አሉኝ፣ አላነበብሁም ነበርና አፈጠጡብኝ። በሕይወቴ እንዲህ ተቆጥተውኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንደ ደወል የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ተደውሎ ሰዓቱ ሲያልቅ ገና ሁለት ቡድን ይቀራል፤ ልጆቹ አንወጣም አሉ።

ውጪ ባልደረባዬ ሱሪውን እያራገፈ ቅጹን አወጣ።

«ዓምና ያየሁት ሰው ነው ይሄ?»

«ነው።»

«ሰዓት አላከበረም» አለና ምልክት አደረገ። «ሰሌዳ ብዙ አልተጠቀመም።» ሌላ ምልክት። ረጅም ጊዜ ሞላ። በመጨረሻ ፈርሞ ሰጠኝ፤ አልፈዋል። ማኅደሩን ሲዘጋ ቆም አለና «ሦስተኛውን ቁራጭ አራተኛ ነው ብዬ ነበር፣ ያቺ ልጅ ናት ያረመችኝ» አለኝ።

የኔታ ውጤቱን ሲሰሙ ሰማይ አዩና አማተቡ። ጓደኞቻቸው ከበቧቸው። የኮኗ ልጅ ግን አልቀረበችም፤ የመጨረሻውን መገምገሚያ ቅጽ አራቱም ማለዳ ሞልተው አስረክበውኝ ነበርና እሱን እያሰበች ነው። እኔም እያሰብሁ ነበር። በማረፊያ ክፍሉ ቁጭ ብዬ ከፈትሁት። ሰባት። ስድስት። ስምንት። የእሷ ደግሞ ሰባት፣ ከሥሩም በደቃቃ ጽሕፈት፦ «ሰዓት አይጠብቁም። የትምህርት ዕቅዳቸውን ሳይጨርሱ ይገባሉ። አሁንም ሲደነግጡ ድምፃቸው ይጠፋል። ደካማ ልጅ በማስነበብ ግን ከአምስታችን የሚደርስባቸው የለም፤ እኔም ልጅ መጠበቅን ከእሳቸው ተማርሁ።»

የኔታ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «የልጆቹ ቅጽ ነው?» አሉኝ። «ይችን ልያት?»

ምስጢር ነው ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ጊዜ የሻርሁትን ሁለተኛ ብሽረው ምን ይጎድላል ብዬ የልጅቱን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ ዞረው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቻለሁ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ሳይ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ።

«የኔታ፣ ልጅ ናት፣ ክፉ አስባ አይደለም…»

«መምህርት፣ ይችን ወረቀት ልያዛት?»

«የኮሌጁ ናት እኮ። ምን ያደርጉላታል?»

«ዐሥሩን የሰጡኝ ሳያዩኝ ነው» አሉ። «ይችን የሰጠችኝ አይታኝ ነው።»

ወረቀቷን አጥፈው የጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ጠመኔዋ አጠገብ አስገቧት። ለመዝገብ ቤቱ አንድ ቅጽ ጠፍቶብኛል ብዬ አመለከትሁ፤ በዚህም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ።

ዘንድሮ ገና ካለፈ በኋላ መንደራቸው ድረስ ሄጄ ነበር። ግማሽ ቀን በእግሬ። የኔታ እዚያው ናቸው። የክፍሉን በር ገፍቼ ስገባ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ጠመኔ ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝና በጣታቸው ሁለት ልጆች መሐል ያለ ክፍት ቦታ አሳይተውኝ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ሄጄ ተቀመጥሁ።